ባሌር፦ በተራራና በውቅያኖስ መካከል የኖረች ከተማ

ባሌር በፊሊፒንስ ትልቁ ደሴት በሉዞን ምሥራቃዊ ጠረፍ የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከዋና ከተማዋ ከማኒላ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ፊቷ ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው፤ ጀርባዋን የያዘው ደግሞ ሲየራ ማድሬ የተባለው ረጅም የተራራ ሰንሰለት ነው። የአውሮራ ክፍለ ሀገር መቀመጫ ብትሆንም በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ40 ሺህ እምብዛም አይርቅም ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከተማዋን ታሪክ ለመረዳት አቀማመጧን ማወቅ ግድ ይላል። ዛሬ በመኪና ከማኒላ ተነሥቶ ባሌር ለመግባት አምስትና ስድስት ሰዓት ይበቃል። በስፔን ዘመን ግን መንገዱ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ጫካና ገደል እያቋረጡ በእግር ተራራውን መሻገር፣ ወይ በጀልባ መምጣት። አሚሃን የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከኅዳር ጀምሮ ለወራት ሲነፍስ ደግሞ ባሕሩ ይቆጣና የጀልባው መንገድም ይዘጋል። ስለዚህ ባሌር ጨው፣ ጨርቅና ደብዳቤ ቀርቶ የመንግሥት ለውጥ እንኳ ዘግይቶ የሚደርስባት ቦታ ነበረች። ኋላ ስሟን በዓለም ያስጠራው ነገርም የተወለደው ከዚህ መዘግየት ነው።

ከስፔናውያን በፊት በጠረፉና በደኑ የሚኖሩት ዱማጋት ተብለውም የሚጠሩት አግታዎች ነበሩ። አጭር ቁመትና ከርዳዳ ፀጉር ያላቸው፣ በአደንና በዓሣ ማጥመድ የሚተዳደሩ፣ በአገሩ ከሁሉ ቀድመው የሰፈሩ ሕዝቦች ናቸው። በተራራው ላይ ደግሞ ቡግካሎት ወይም ኢሎንጎት የሚባሉት ይኖራሉ። የአካባቢውን ካርታ የገለጠ ሰው ዲንጋላን፣ ዲፓኩላኦ፣ ዲላሳግ፣ ዲናሉንጋን፣ ዲጊሲት፣ ዲካሳላሪን እያለ በ«ዲ» የሚጀምር ስም ይደረደርለታል። ዲ በአግታዎች ቋንቋ ቦታን የምታመለክት ቃል ናት። ከተማውን የመሠረቱት ሌሎች ቢሆኑም የቦታዎቹ ስም የጥንቶቹ ባለቤቶች ሆኖ ቀርቷል።

በ1609 የፍራንሲስካን መነኮሳት መጥተው የባሌርን ሰበካ አቋቋሙ። በዚያን ዘመን በፊሊፒንስ ከተማ መቆርቆር ማለት በየጫካው ተበትኖ የሚኖረውን ሕዝብ በደወል ድምፅ ዙሪያ መሰብሰብ ነበር። የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ሆኖ የተሰየመው የቱሉዙ ጳጳስ ቅዱስ ሉዊስ ሲሆን በዓሉ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በአውሮፓውያኑ ኦገስት 19፣ ይውላል። ይህችን ቀን አንባቢ ይያዛት፤ ተመልሳ ትመጣለች።

የመጀመሪያዋ ባሌር ዛሬ ባለችበት ቦታ አልነበረችም። ኪናጉናሳን በተባለ ዝቅተኛ ስፍራ፣ ለባሕሩ እጅግ ቀርባ ነበር የተሠራችው። ዲሴምበር 27 ቀን 1735፣ የልደት በዓል በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ውቅያኖሱ ተነሥቶ ከተማዋን ዋጣት። ስፔናውያኑ ይህን አደጋ «ትሮምባ ማሪና» ብለው መዘገቡት፤ ዛሬ ሱናሚ የሚባለው ነው። ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እርሻው ተጠራርጎ ሄደ። የተረፉት በአቅራቢያው ወዳለው የኤርሚታ ኮረብታ መውጣት የቻሉ ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ። የአንጋራ፣ የቢሃሳ፣ የካራስኮ፣ የፌሬራስ፣ የሉማሳክና የፖብሌቴ ቤተሰቦች ስም በተረፉት ዝርዝር ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠራል። በዚያች አገር የዘር ሐረግ መቁጠር የጀመረ ሰው ሲወርድ ሲዋረድ ከዚያ ኮረብታ ላይ መድረሱ አይቀርም። አዲሱ ከተማ ከባሕሩ ፈቀቅ ብሎ ዛሬ ባለበት ተቆረቆረ። በኮረብታው ግርጌም ማዕበሉን ሸሽተው ሽቅብ የሚወጡ ሰዎችን የሚያሳዩ ሐውልቶች ቆመዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መቶ ሃምሳ ዓመት ብዙ የሚነገርለት አይደለም። ሩዝ ይዘራል፣ ዓሣ ይጠመዳል፣ ግብር ይከፈላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስፔን አካባቢውን ኤል ፕሪንሲፔ የተባለ የወታደር አስተዳደር አደረገችውና ባሌር መቀመጫው ሆነች። አስተዳደር ይባል እንጂ በተግባር አንድ ሹም፣ አንድ መነኩሴና ጥቂት ወታደሮች ማለት ነበር።

በኦገስት 1896 የፊሊፒንስ አብዮት ፈነዳ። ካቲፑናን የተባለው ምስጢራዊ ማኅበር ያቀጣጠለው እሳት በዓመቱ ተራራውን ተሻግሮ ባሌር ደረሰ። በኦክቶበር 1897 በአገሬው ሰው በቴዎዶሪኮ ሉና ኖቪሲዮ የሚመሩ አማፅያን በሌሊት የስፔኑን ጦር ወረሩ፤ አዛዡ መቶ አለቃ ሆሴ ሞታም በዚያች ሌሊት ሕይወቱ አለፈ። በዲሴምበር ስፔንና አማፅያኑ ቢያክ ና ባቶ ላይ ስምምነት ሲያደርጉ፣ መሪው ኤሚሊዮ አጊናልዶ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደደ። ሰላም የወረደ መሰለ። በፌብሩዋሪ 1898 ሃምሳ ወታደሮች ያሉት አዲስ ጦር ባሌር ገባ። የጦሩ አለቆች መቶ አለቃ ሁዋን አሎንሶ ሳያስና መቶ አለቃ ሳቱርኒኖ ማርቲን ሴሬሶ ነበሩ፤ የአውራጃው ሹም ደግሞ ሻምበል ኤንሪኬ ዴ ላስ ሞሬናስ።

እነዚህ ሰዎች ባሌር በገቡ በአራት ወር ገደማ ውስጥ ዓለም ተገለባበጠ። አሜሪካና ስፔን ጦርነት ገጠሙ፤ ሜይ 1 ቀን የአሜሪካ መርከቦች የስፔንን ባሕር ኃይል በማኒላ ወደብ አወደሙ፤ አጊናልዶ ተመልሶ መጣና ጁን 12 ቀን ነፃነት አወጀ። ባሌር ያለው ጦር ግን የደረሰው ወሬ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። በጁን ወር መጨረሻ አንድ ቀን ሲነጋ በከተማው ሰው አልነበረም። ነዋሪው ሌሊቱን ቤቱን ትቶ ወጥቷል። የዚህ ትርጉም ለወታደሮቹ አልጠፋቸውም፤ ስንቃቸውንና ጥይታቸውን ይዘው በከተማዋ ብቸኛ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ፣ በድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን፣ ገቡ። ጁን 30 ቀን ለቅኝት በወጡት ወታደሮች ላይ የኖቪሲዮ ሰዎች አድፍጠው ከቆዩበት ተኩስ ከፈቱ። በሩ ተዘጋ። እስከሚከፈትም 337 ቀን ፈጀ።

ከበባው በጭካኔ አልጀመረም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበባውን የያዙት ፊሊፒናውያን ሲጋራ ልከውላቸው፣ ሻምበሉም የወይን ጠርሙስ መልሶላቸዋል። ቀጥሎ ግን ሁለቱም ወገን ጠበቅ አደረገ። ውስጥ ያሉት መስኮቱን ደፈኑ፣ በግቢው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ አወጡ፣ የዳቦ ምድጃ ሠሩ። ውጭ ያሉት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ምሽግ ቆፈሩ፤ የጦር መሣሪያቸው ግን ጥቂት ነበር። እንዲያ ያለውን ግድግዳ የሚደረምስ መድፍ ስላልነበራቸው ረሀብ እስኪሠራላቸው ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

ረሀቡ የሠራው ግን በተለየ መንገድ ነው። በመጋዘን የነበረው ሩዝና ዱቄት ሆድ ይሞላ ነበር፤ ሆኖም የሰዎቹ እግር ያብጥ፣ ጉልበታቸው ይከዳ፣ ልባቸው ይደክም ጀመር። በሽታው ቤሪቤሪ ነው። የሚመጣው ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሲሆን፣ ይህ ቫይታሚን ያለው ሩዝ ሲፈተግ በሚወገደው ቡናማ ሽፋን ውስጥ ነው። ክሪስቲያን አይክማን የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም በጃቫ ደሴት የተፈተገ ሩዝ የበሉ ዶሮዎችን ተመልክቶ ወደዚህ ምስጢር የቀረበው ልክ በእነዚያ ዓመታት ነበር፤ ባሌር ያሉት ግን ይህን ሊያውቁ አይችሉም። መጀመሪያ የሰበካው መነኩሴ ካንዲዶ ጎሜስ ካሬኞ በሴፕቴምበር አረፉ። በኦክቶበር አሎንሶ ሳያስ፣ በኖቬምበር ሻምበል ዴ ላስ ሞሬናስ ተከተሉ። ሙታኑ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ይቀበሩ ነበር። አዛዥነቱ ለማርቲን ሴሬሶ ተረፈ።

የጦሩ ሐኪም ሮሄሊዮ ቪሂል ዴ ኪኞኔስ ራሱ ታምሞ ሳለ፣ ትኩስ አትክልት ካልተገኘ ሁሉም ያልቃሉ ብሎ ለአዛዡ ነገረው። በዲሴምበር አጋማሽ ጥቂት ጤነኞች በድንገት ሾልከው ወጡ፤ በአቅራቢያ ያሉትን ቤቶች አቃጥለው ከበባውን ወደ ኋላ ገፉና የዱባ ቅጠል፣ ብርቱካንና ያገኙትን ለምለም ነገር ሰብስበው ገቡ። በሽታው ጋብ አለ። ወታደሮቹን ያዳነው ይህ እሳት የባሌርን ሰዎች ቤት መብላቱ ግን ሲነገር ብዙ አይሰማም።

የታሪኩ እንግዳ ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማኒላ በኦገስት 1898 ለአሜሪካ እጇን ሰጥታለች። ዲሴምበር 10 ቀን ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል ስፔን ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረክባለች። ባሌር ያሉት ወታደሮች የሚከላከሉለት ግዛት ከዚያ ወዲያ በወረቀት እንኳ የለም። ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ጋዜጣና መልእክተኛ ተደጋግሞ ቢመጣም ማርቲን ሴሬሶ ለሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሁሉም የጠላት ተንኮል ነው ብሎ ያምን ነበር። በፌብሩዋሪ 1899 ከማኒላ የተላከውን የስፔን ሻምበል ሚጌል ኦልሜዶን ሳይቀር አላመነውም። በዚያው ወር ፊሊፒናውያኑ ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ስለገጠሙ፣ ከበባውን የያዙት ሰዎች ፊታቸውን ወደ አዲስ ጠላት ማዞር የሚገባቸው ጊዜ ነበር። በኤፕሪል የአሜሪካ የጦር መርከብ ዮርክታውን የተከበቡትን ለማውጣት መጣች፤ ከእርሷ የወረዱት መርከበኞች ግን በፊሊፒናውያኑ እጅ ወድቀው ተማረኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉት የተኩሱን ድምፅ ሰምተው ተስፋ አደረጉ፤ መርከቧ ሄደች፤ ዝምታው ተመለሰ።

በሜይ መጨረሻ ሌተና ኮሎኔል ክሪስቶባል አጊላር ከማኒላ መጣ። እርሱም አልታመነም፤ ሲሄድ ግን የስፔን ጋዜጦች ትቶ ሄደ። ማርቲን ሴሬሶ ጋዜጦቹን አገላብጦ ሐሰተኛ ኅትመት ናቸው ብሎ ሊጥላቸው ሲል ዓይኑ አንዲት አጭር ወሬ ላይ አረፈ፤ አንድ የጦር ጓደኛው ወደ ማላጋ ከተማ ተዛወረ ትላለች። ያ ጓደኛ ወደ ማላጋ የመሄድ ሐሳቡን የነገረው ለእርሱ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጠላት ፈጥሮ ሊጽፈው አይችልም። ከፓሪሱ ውል ይልቅ፣ ከኮሎኔሉ ቃል ይልቅ፣ ይህች ከቁም ነገር የማትቆጠር የዝውውር ማስታወቂያ ጦርነቱን ዘጋችው።

ጁን 2 ቀን 1899 ነጭ ሰንደቅ ወጣ። ፊሊፒናውያኑን ወክሎ ውሉን የተቀበለው ሌተና ኮሎኔል ሲሞን ቴክሰን ነበር። ከገቡት ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች መካከል በሕይወት የወጡት 33 ወታደሮችና ከሞቱት መነኩሴ ሌላ የነበሩ ሁለት መነኮሳት ናቸው። በጥይት የሞቱት ሁለት ብቻ ሲሆኑ አብዛኞቹን የጨረሳቸው በሽታ ነው። ስድስት ያህል ከድተው ወጥተዋል። ሁለት ወታደሮች ደግሞ ሊከዱ አሲረዋል ተብለው በአዛዡ ትእዛዝ የተረሸኑት እጅ በተሰጠበት ቀን ዋዜማ ነው። ለአንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ወደ አገራቸው ይገቡ ነበር፤ ይህ የማርቲን ሴሬሶ እልክ ያስከፈለው መራራው ዋጋ ነው።

ጁን 30 ቀን አጊናልዶ ታርላክ ላይ ሆኖ ባወጣው አዋጅ እነዚህ ሰዎች እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ እንዲታዩና የይለፍ ወረቀት ተሰጥቷቸው እንዲሄዱ አዘዘ። አገሩ በሌላ ጦርነት ውስጥ እያለ፣ ለአንድ ዓመት ገደማ እጅ አንሰጥም ላሉት ጠላቶች ይህን ማድረጉ ታላቅነት ነው። ወታደሮቹ በሴፕቴምበር 1 ቀን ባርሴሎና ደረሱ። ባሌር የተቀበሩት ጓዶቻቸው አፅም ኋላ ተቆፍሮ ወደ ስፔን ተወስዷል። ማርቲን ሴሬሶ የከበባውን ታሪክ በ1904 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በስፔን በ1945ና በ2016 ፊልሞች ተሠሩበት። በ2008 ፊሊፒናውያንም «ባሌር» የተሰኘ ፊልም ሠርተዋል። ያም ሆኖ የከበባው ታሪክ እስከ ዛሬ በብዛት የሚነገረው ከግድግዳው ውስጥ ካሉት ሰዎች ዓይን ነው። ቤታቸውን ትተው የወጡት የባሌር እናቶች መጽሐፍ አልጻፉም።

ከእነዚሁ ባሌሮች መካከል የኬሶን ቤተሰብ ነበር። ሉሲዮ ኬሶንና ባለቤቱ ማሪያ ዶሎሬስ ሞሊና ሁለቱም የመንደሩ አስተማሪዎች ነበሩ። ልጃቸው ማኑኤል የተወለደው ኦገስት 19 ቀን 1878፣ በቅዱስ ሉዊስ በዓል ዕለት ስለነበረ ሁለተኛ ስሙ ሉዊስ ሆነ። በ1898 በዚያ የሁከት ዓመት አባቱና ወንድሙ ፔድሮ ወደ ባሌር ሲመለሱ መንገድ ላይ በታጣቂዎች ተገደሉ። ማኑኤል ከአጊናልዶ ጦር ጋር ሆኖ ከአሜሪካ ጋር ተዋጋ፣ እጁን ሰጠ፣ ሕግ ተማረ፣ ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ በ1935 በአሜሪካ ሥር የተቋቋመው የራስ ገዝ መንግሥት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ታጋሎግ የብሔራዊ ቋንቋ መሠረት እንዲሆን በ1937 የወሰነው እርሱ ነው። ሌሎች አገሮች በራቸውን ሲዘጉ ከናዚዎች የሸሹ ከአንድ ሺህ በላይ አይሁዶችን አገሩ ተቀብላለች፤ በእስራኤል ሪሾን ለጽዮን ከተማ የቆመው የክፍት በሮች ሐውልት የዚያ ውለታ መታሰቢያ ነው። ኬሶን ጃፓን ፊሊፒንስን በያዘችበት ዘመን አሜሪካ ተሰድዶ ኦገስት 1 ቀን 1944 በሳንባ ነቀርሳ አረፈ።

ባለቤቱ አውሮራ አራጎንም የባሌር ልጅና የቅርብ ዘመዱ ናት። ከጦርነቱ በኋላ የፊሊፒንስ ቀይ መስቀል ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆነች። ኤፕሪል 28 ቀን 1949 ወደ ትውልድ ከተማዋ ስትጓዝ በተራራው መንገድ ላይ ያደፈጡ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው ከልጇና ከአማቿ ጋር ገደሏት። በ1951 አካባቢው በስሟ ንዑስ ክፍለ ሀገር፣ በ1979 ደግሞ ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። የባሏ ስም በአጎራባቹ ኬሶን ክፍለ ሀገርና በማኒላ ጥግ ባለችው ኬሶን ከተማ ይጠራል።

ዛሬ ወደ ባሌር የሚጎርፈው ወጣት ግን አብዛኛው የሚመጣው ለታሪክ አይደለም፤ ለማዕበል ነው። በ1976 ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ስለ ቬትናም ጦርነት የሚያወሳውን «አፖካሊፕስ ናው» ፊልም አንዱን ክፍል እዚህ ቀረጸ፤ አንድ የአሜሪካ መኮንን በጦርነት መካከል ወታደሮቹ በሰሌዳ በማዕበል ላይ እንዲንሸራተቱ የሚያዝበት ዝነኛ ትዕይንት አለው። የፊልም ሠራተኞቹ ሲሄዱ ሰሌዳዎቻቸውን ትተው ሄዱ፣ የመንደሩ ልጆችም በእነርሱ ሰርፊንግ ተማሩ ይባላል። ቀረጻው የተካሄደበት የወንዝ አፍ ከፊልሙ በኋላ የቻርሊ ነጥብ ተባለ። ያው ጥንት ጀልባዎችን ያስቆም የነበረው የአሚሃን ነፋስ ዛሬ እንግዳ ይጠራል፤ ጥሩው ማዕበል ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ነው። ጀማሪዎች ግራጫ አሸዋ ባለው በሳባንግ ዳርቻ ይለማመዳሉ፤ የተካኑት ሴሜንቶ ወደሚባለው የድንጋይ ሪፍ ይሄዳሉ።

የከተማው ሰው እጅ ሥራ ሳቡታን ከተባለ ተክል ቅጠል ባርኔጣ፣ ምንጣፍና ቦርሳ መሥራት ነው። በገበታ ላይ ደግሞ ፓኮ የሚሉት ለምለም የዱር ቅጠል በሰላጣ መልክ ይቀርባል፤ በ1898 ያ ጦር ሲሞት የነበረው እንዲህ ያለ ቅጠል በሚበቅልበት አገር መካከል ነው። በመሐል አደባባዩ ዙሪያ ቤተ መዘክር፣ የኬሶን መታሰቢያና የአውሮራ ቤት ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከከበባው በኋላ ታድሷል፤ ተጓዥ የሚያየው ግድግዳ እንዳለ የ1898ቱ አይደለም፤ ቦታው ግን ያው ነው። ባሕሩም አልተኛም። በኦክቶበር 2015 ኮፑ የተባለው ታይፉን በዚሁ ክፍለ ሀገር በካሲጉራን በኩል ገብቶ ብዙ አጥፍቷል።

በ2003 የፊሊፒንስ ምክር ቤት አጊናልዶ አዋጁን ያወጣባትን ጁን 30 ቀን የፊሊፒንስና የስፔን የወዳጅነት ቀን ብሎ በሕግ ደነገገ። ሕጉን ያመነጨው የባሌር ተወላጅ የሆነው ሴናተር ኤድጋርዶ አንጋራ ነበር፤ የቤተሰቡ ስም በ1735 ኤርሚታ ኮረብታ ላይ ወጥተው ከተረፉት መካከል ይቆጠራል።